የተቀበረ ታንክና የሚዋሽ ጌጅ፦ የጀልባችንን የነዳጅ መለኪያ ብልሽት ያገኘንበት መንገድ

በጣና ሐይቅ ላይ ሰው ከሚያመላልሱት የሞተር ጀልባዎች መካከል ብዙዎቹ ነዳጃቸውን የሚይዙት ከሞተሩ አጠገብ በሚቀመጥ ተንቀሳቃሽ ታንክ ወይም ጄሪካን ስለሆነ፣ ነጂው ምን ያህል እንደቀረው ለማወቅ አንሥቶ መወዝወዝ ይበቃዋል። እኔ ባሕር ዳር የምሠራበት ጀልባ ግን አገልግሎ ከውጭ የመጣ የፋይበር ግላስ ጀልባ ሲሆን፣ 100 ሊትር ገደማ የሚይዘው የአሉሚኒየም ታንኩ ከኋለኛው መቀመጫ ሥር ተቀብሮ የተሠራ ነው። ታንኩ አይታይም፣ አይነሣም፤ ስለ ውስጡ የሚነግረን በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የነዳጅ ጌጅ ብቻ ነው። ይህ ጌጅ ታንኩ እስከ አፉ ተሞልቶ ሳለ ባዶ ነው ማለት ጀመረ፤ አንዳንዴ ማዕበል ሲመታን ቀስቱ ብድግ ይልና ወዲያው ተመልሶ ይወድቃል። ብልሽቱን ደረጃ በደረጃ የፈለግንበትን መንገድ የምጽፈው፣ ተመሳሳይ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት በአንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) እና በአንድ ቁራጭ ሽቦ ብቻ ምን ያህል ማወቅ እንደሚችሉ እንዲያዩ ነው።

ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ቅርብ ወዳሉት ወደ ዘጌና ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ብቻ ለሚሄድ ሰው ነው። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ከዚያም አልፎ ደቅ ደሴት ላይ ወደሚገኘው ናርጋ ሥላሴ የሚሄድ ጀልባ በመንገዱ ላይ ማደያ የለውም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ደግሞ ጠዋት በጸጥታ የተሄደበት ርቀት በመመለሻው ጊዜ ብዙ ተጨማሪ ቤንዚን ይበላል። በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ በተስፋፋበት ውሃ ውስጥ ያለፈ ሰው፣ አረሙ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው እንደማይሄድ ያውቃል። ስለዚህ የነዳጅ ስሌት ከርቀት ብቻ አይሠራም፤ መለኪያው መታመን አለበት።

በመጀመሪያ ብልሽት ያልሆነውን ከብልሽት መለየት ያስፈልጋል። ጀልባ በፍጥነት ሲሄድ አፍንጫው ብድግ ስለሚል ነዳጁ ወደ ታንኩ የኋላ ክፍል ይሸሻል፤ በታንኩ ውስጥ ያለው መለኪያ የተተከለው ከኋላ ከሆነ ጌጁ ከእውነቱ በላይ፣ ከፊት ከሆነ ደግሞ ከእውነቱ በታች ያነባል። በማዕበል ጊዜ ቀስቱ መወዛወዙም የተፈጥሮ ነገር ነው። ተሳፋሪዎች ሁሉ በአንድ ወገን ሲቀመጡ የሚታየው ልዩነትም እንዲሁ። እኛ የተጨነቅነው ጀልባው በመቆሚያው ላይ ታስሮ፣ ሰው ሳይጫንበትና ውሃው ጸጥ ብሎ ሳለ ሙሉው ታንክ ባዶ ተብሎ በመነበቡ ነው።

ሥርዓቱ በሦስት ክፍል ይከፈላል፤ ከዳሽቦርዱ ያለው ጌጅ፣ በታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ መለኪያ፣ እነርሱን የሚያገናኙት ሽቦዎች። ተንሳፋፊው ከነዳጁ ጋር ሲወጣና ሲወርድ ክንዱ የኤሌክትሪክ መቋቋምን ይቀይራል፤ ጌጁ ደግሞ ይህን መቋቋም ወደ ቀስት እንቅስቃሴ ይተረጉማል። በአሜሪካ ደረጃ በተሠሩ የጀልባ መለኪያዎች ባዶ ታንክ 240 ኦም (ኦም የመቋቋም መለኪያ ነው)፣ ግማሽ ታንክ 100 ኦም ገደማ፣ ሙሉ ታንክ ደግሞ 33 ኦም ነው። በአውሮፓ ደረጃ በተሠሩት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ባዶው 10 ኦም ገደማ ሲሆን ሙሉው ወደ 180 ኦም ይደርሳል። ከዚህ በታች ለምጽፈው ነገር ሁሉ መሠረቱ ይህ ልዩነት ስለሆነ፣ አንባቢ ከመቀጠሉ በፊት የራሱ ጀልባ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ቢያረጋግጥ መልካም ነው። ብዙ ጊዜ ከጌጁ ጀርባ ወይም ከተንሳፋፊው ክዳን ላይ ቁጥሩ ተጽፎ ይገኛል። የእኛው የአሜሪካው ዓይነት ነበር።

ይህ ከታወቀ የቀስቱ አቀማመጥ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በአሜሪካው ዓይነት ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ተንሳፋፊው ኔጌቲቭ ካጣ፣ መቋቋሙ ወሰን የሌለው ስለሚሆን ቀስቱ ከባዶ ምልክት ላይ ይተኛል። ሽቦው ተልጦ የታንኩን ብረት ወይም ሌላ ኔጌቲቭ ከነካ ደግሞ መቋቋሙ ዜሮ ስለሚሆን ቀስቱ ሁልጊዜ ሙሉ ላይ ይቆማል። በአውሮፓው ዓይነት ሁለቱም ተገላቢጦሽ ናቸው። የእኛ ጌጅ ባዶ ላይ መተኛቱና በማዕበል ጊዜ ብድግ ማለቱ፣ አንድ ቦታ ላይ የላላ ወይም የዛገ ግንኙነት እንዳለ ከመጀመሪያው አስጠርጥሮናል። በርካታ ሰዎች በዚህ ጊዜ የጌጁን መስታወት በጣት መታ መታ ያደርጋሉ፤ ቀስቱ ይነቃነቅ ይሆናል እንጂ በዚህ መንገድ የታወቀ ነገር አላየሁም።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ስለ ቤንዚን ትንሽ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። መኪና ላይ ሲሆን የፈሰሰው ትነት ከሥር ወደ መሬት ወርዶ ይበተናል፤ ጀልባ ግን ከሥሩ የተዘጋ ገንዳ ስለሆነ ትነቱ ከወለሉ በታች ተኝቶ ይቆያል፣ አንዲት የባትሪ ብልጭታም ትበቃዋለች። ስለዚህ ሥራውን የጀመርነው ተሳፋሪ በሌለበት፣ ጀልባው ሜዳ ላይ ሳይሆን ነፋስ በሚያገኘው የመቆሚያው ጫፍ ላይ ታስሮ፣ የወለሉ ክዳኖች ሁሉ ተከፍተው በቂ ጊዜ ከተናፈሱ በኋላ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እንዳይቀርብ አድርገናል። በታንኩ አጠገብ ሽቦ ከሽቦ የምናገናኘው ሁልጊዜ ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ ነው፤ ግንኙነቱ ከጠበቀ በኋላ ነው ቁልፉ የሚከፈተው። ታንኩ ራሱ በሚከፈትበት ጊዜ ደግሞ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል። ከባትሪው ቀጥታ 12 ቮልት ወደ ተንሳፋፊው መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ መለኪያውን ያቃጥላል፣ በታንክ ውስጥ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችላል።

መፈተሽ የጀመርነው ከዳሽቦርዱ ነው፤ ምክንያቱም ከታንኩ ይልቅ እርሱን መድረስ ይቀላል፣ አደጋውም ያንሳል። ከጌጁ ጀርባ ሦስት ጫፎች አሉ፤ አንዱ ከቁልፉ የሚመጣው ፖዘቲቭ፣ ሁለተኛው ኔጌቲቭ፣ ሦስተኛው ወደ ተንሳፋፊው የሚሄደው ነው። በአሜሪካ የጀልባ አሠራር ወደ ተንሳፋፊው የሚሄደው ሽቦ ሮዝ ቀለም አለው። ቁልፉን ከፍተን በፖዘቲቩና በኔጌቲቩ መካከል ስንለካ ቴስተሩ ከ12 ቮልት በላይ አነበበ። በደንብ የተሞላ ባትሪ ሳይሠራ 12.6 ቮልት አካባቢ ስለሚያሳይ የእኛው ምንም አልጎደለውም። በዚህ ቦታ ቮልቴጅ የሌለበት ሰው ፊውዙንና የቁልፉን ግንኙነት ሳያይ ወደ ታንኩ መሄድ የለበትም። ሌሎቹም ጌጆች አብረው የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ችግሩ የነዳጁ ጌጅ ብቻ አይደለም፤ የጋራ ኔጌቲቫቸው ላልቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ቁልፉን ዘግተን ሮዙን ሽቦ ከጌጁ አወጣነውና ቁልፉን መልሰን ከፈትን። ቀስቱ ባዶ ላይ ቀረ፤ ይህ ትክክል ነው። ከዚያ በአጭር ሽቦ የተንሳፋፊውን ጫፍ ከኔጌቲቩ ጫፍ ጋር አገናኘነው። ቀስቱ ሳያመነታ እስከ ሙሉው ምልክት ድረስ ሄደ። አብሮኝ የነበረው ወጣት ኤሌክትሪሺያን ሽቦውን በእጁ እንደያዘ፣ «ጋሼ፣ ጌጁ ጤነኛ ነው፤ እርሱን መግዛት ይቅርብዎ» አለኝ። ጌጁ ይቀየር የሚል ሐሳብ ከብዙ ሰው ስንሰማ ስለነበር፣ ይህች ጥቂት ደቂቃ የወሰደች ሙከራ አላስፈላጊ ወጪ አስቀርታለች። የበለጠ ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ከሬዲዮ ጠጋኝ ቤት የ33፣ የ100 እና የ240 ኦም ሬዚስተሮችን (የተወሰነ መቋቋም ያላቸውን ትናንሽ ዕቃዎች) በጥቂት ብር ገዝቶ በዚያው ቦታ በየተራ ቢያገናኛቸው፣ ቀስቱ ሙሉ፣ ግማሽና ባዶ ላይ መቆም አለበት። አጭሩ ሽቦ ጌጁ መንቀሳቀሱን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሬዚስተሮቹ ግን በትክክል ማንበቡንም ያሳያሉ።

ጌጁ ነጻ ከወጣ በኋላ ወደ ታንኩ ሄድን። የኋለኛውን መቀመጫ ስናነሣ ዳሽቦርዱ ላይ ሮዝ የነበረው ሽቦ በመካከል አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ በሌላ ቀለም መቀጠሉን አየን፤ መጋጠሚያው በናስትሮ ብቻ ተጠምጥሟል። ያገለገለ ጀልባ የገዛ ሰው የሽቦ ቀለምን ማመን የለበትም፤ በቴስተር ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል አለበት። ቁልፉን ዘግተን ሽቦውን ከተንሳፋፊው ነቀልንና እዚያው ክዳኑ ላይ ካለው የኔጌቲቭ ሽቦ ጋር አገናኘነው። ቁልፉ ሲከፈት ቀስቱ ወደ ሙሉ መሄድ ሲገባው አልተነቃነቀም። አሁን ጥርጣሬው ወደ ሁለት ጠበበ፤ ወይ ከዳሽቦርዱ የሚመጣው ሽቦ ተቋርጧል፣ ወይ ኔጌቲቩ ኔጌቲቭ አይደለም። ሁለቱን ለመለየት ከባትሪው ኔጌቲቭ ረጅም ሽቦ ስበን በሱ ምትክ ተጠቀምን፤ ቀስቱ ወዲያው ሙሉ ላይ ደረሰ። የሚመጣው ሽቦ ደኅና ነው፤ የሞተው የኔጌቲቩ መንገድ ነው።

የኔጌቲቩን ጫፍ ስናየው ክብ ማሠሪያው አረንጓዴ ዝገት ለብሶ፣ ከውስጥም የሽቦው ክሮች ጠቁረው ነበር። ጣና ጨዋማ ውሃ ስላልሆነ እንዲህ ዓይነቱ ዝገት በባሕር ላይ እንደሚታየው ፈጥኖ አይመጣም፤ ነገር ግን ከወለሉ በታች ዘወትር እርጥበት አለ። በዚህ ዓይነቱ መለኪያ ላይ ዝገት የሚያመጣው ስሕተት ሁልጊዜ ፍጹም መቋረጥ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዝገቱ 70 ኦም ያህል ብቻ ቢጨምር፣ 33 ኦም የሚያሳየው ሙሉ ታንክ 103 ኦም ሆኖ ይነበብና ጌጁ ግማሽ ይላል። ይህ ከባዶ በባሰ ሁኔታ ያሳስታል፤ ቀስቱ ይንቀሳቀሳልና ሰው ያምነዋል። እኛ የጠቆረውን ክፍል ቆርጠን ጥለን፣ ንጹሕ መዳብ እስኪገኝ ድረስ ልጠን፣ አዲስ ክብ ማሠሪያ በፒንሳ አጥብቀን አሠርን፤ የክዳኑንም ብረት በብርጭቆ ወረቀት አጸዳነው። በመካከል ያለውን የናስትሮ መጋጠሚያም በዚያው አጋጣሚ በትክክለኛ ማያያዣ ተክተነዋል።

ቁልፉ ሲከፈት ቀስቱ ተነሣና ግማሽ ላይ ቆመ። ታንኩ ግን ሙሉ ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ደረጃ ላይ «ተሠርቷል» ብሎ የሚሄድ ይመስለኛል፤ ቀስቱ ከተነሣ ወዲህ የቀረው ጉድለት እንደ ትንሽ ነገር ይታያልና። ሽቦዎቹን ነቅለን በተንሳፋፊው መካከለኛ ጫፍና በክዳኑ መካከል ስንለካ ቴስተሩ 33 አካባቢ ማሳየት ሲገባው ከ100 ኦም በላይ አሳየ። ሽቦውም ጌጁም በዚህ ልኬት ውስጥ ስለሌሉበት ሁለተኛው ብልሽት በታንኩ ውስጥ መሆኑ ተረጋገጠ። አንድ ብልሽት ሲገኝ ሌላ የለም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ጀልባ በደንብ አይተናል።

ተንሳፋፊውን ለማውጣት ነዳጁን እስኪቀንስ ድረስ በሥራ ላይ አዋልነው፤ የቀረውንም ወደ ጄሪካን ቀዳነው። ቤንዚን እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ማፍሰስ የማይታሰብ ነው፤ ከዚህም በላይ ቤንዚን ወደ ሐይቁ መድፋት በደል ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለን አምስቱን ብሎኖች ፈታን። እነዚህ አምስት ብሎኖች እኩል ርቀት የላቸውም፤ ክዳኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገጥም ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ቢሆንም ከመፍታታችን በፊት ክዳኑና ታንኩ ላይ አንድ መስመር በማርከር አስምረናል። ተንሳፋፊው ሲወጣ ክንዱ እንዳይጣመም በቀስታ ማዘንበል ይገባል፤ ቀዳዳው ደግሞ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናል።

ከጀልባው ርቀን በጥላ ሥር ስንመረምረው ሁለት ነገር አገኘን። አንደኛ፣ ክንዱን ከታች ወደ ላይ በእጅ ስናነሣ ንባቡ ከ240 እየቀነሰ መጥቶ መካከል አካባቢ ይቋረጥና እንደገና ይመለሳል፤ ታንኩ ብዙ ጊዜ በግማሽ ስለሚቆይ መፋተጊያው (ክንዱ ሲንቀሳቀስ የሚፋተግበት ክፍል) በዚያ ቦታ አልቋል። ሁለተኛ፣ ከክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ተንሳፋፊ ራሱ ሲወዘወዝ ውስጡ ፈሳሽ ይሰማል። ተሰንጥቆ ቤንዚን ገብቶበታል፤ ስለዚህ እስከ ላይ መንሳፈፍ አልቻለም። ተንሳፋፊው ብቻ ቢሆን ኖሮ መቀየር ይቻል ነበር፤ መፋተጊያውም ስላለቀ ሙሉውን መለወጥ ግድ ሆነ።

ዕቃውን የፈለግነው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው። መጀመሪያ የቀረበልን ለጄኔሬተር ታንክ የሚሆን ነበር፤ ክዳኑ አምስት ቀዳዳ አለው፣ ከአሮጌው ጋር ሲጋጠም ልክክ ይላል። ሻጩም ለማንኛውም ታንክ ይሆናል አለ። እዚያው መደርደሪያው ላይ ቴስተር ስናስገባበት ግን ክንዱ ታች ሲሆን ከዜሮ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ላይ ሲሆን 190 ኦም የሚጠጋ አሳየ። የእኛ ጌጅ ላይ ቢገጠም ታንኩ ባዶ ሲሆን ሙሉ ይላል፣ ሲሞላ ደግሞ ወደ ባዶ ይጠጋል። ይህን ስሕተት ሐይቅ መካከል ላይ ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሻጩ ሲነገረው ፈልጎ ከ240 እስከ 33 የሚለካ፣ ለቤንዚንም የሚሆን አወጣልን። ስለዚህ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው የቀዳዳውን ቁጥርና የታንኩን ጥልቀት ብቻ ሳይሆን የኦሙን ቁጥር ጽፎ፣ ቴስተሩንም በኪሱ ይዞ ይሂድ። የመኪና መለኪያዎች ከአምራች አምራች ስለሚለያዩ እነርሱን አስተካክሎ ለመጠቀም መሞከርን አልመክርም።

አዲሱ መለኪያ ለተለያየ ጥልቀት እንዲሆን የሚስተካከል ክንድ አለው። ክንዱ የሚዞርበት ነጥብ ከታንኩ ጥልቀት ግማሽ ላይ መዋል አለበት፤ ከዚያ ተንሳፋፊው ከታች ወለሉን ሳይመታ፣ ከላይም ጣሪያውን ሳይገፋ ሙሉ ጉዞውን መሄዱ ይታያል። ታንኩ ውስጥ የሚያውኩ ግድግዳዎች ካሉ ክንዱ በየት በኩል እንደሚወዛወዝ አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። ከመግጠማችን በፊት ከታንኩ ርቀን ከጌጁ ጋር በረጅም ሽቦ አገናኝተን ክንዱን በእጃችን ስናነሣና ስንጥል ቀስቱ አብሮ ወጣ፣ አብሮ ወረደ። በክዳኑና በታንኩ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ በአዲስ ለወጥን። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ስለሚላሽቅ በዚህ ቦታ አይሆንም። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሶ ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቅን በጥቂት በጥቂቱ አጠበቅናቸው፤ ከዚያ ታንኩ ሲሞላ በክዳኑ ዙሪያ ርጥበትም ሽታም አለመኖሩን አየን።

የቀረው ጌጁን ከታንኩ ቅርጽ ጋር ማስማማት ነበር። የጀልባችን ታንክ እንደ ጀልባው ወለል ከታች የጠበበ ስለሆነ በቁመት ግማሽ ማለት በሊትር ግማሽ ማለት አይደለም፤ ከግማሽ በታች ያለው ከላይኛው ያነሰ ነዳጅ ይይዛል። ስለዚህ ባዶውን ታንክ በ20 ሊትር ጄሪካን እየለካን በሞላን ቁጥር ቀስቱ የቆመበትን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ላይ ምልክት አድርገን ከጌጁ ጎን ለጠፍነው። በዚያው ጊዜ ንጹሕ የእንጨት ዘንግ በመሙያው አፍ እያስገባን የእያንዳንዱን ጄሪካን ቁመት በቢላ ቀርጸናል። የመሙያው ቱቦ ጠማማ ለሆነበት ጀልባ ዘንጉ ላይሠራ ይችላል።

በአሁኑ ጊዜ ነጂዎቻችን ጠዋት ከመነሣታቸው በፊት ዘንጉንም ጌጁንም ያያሉ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ጀልባው አይወጣም። በውሃ ላይ ሳሉ ደግሞ ጌጁን የሚያነቡት ሞተሩን አዝግመው ጀልባው ከተስተካከለ በኋላ ነው። የ40 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት 15 ሊትር ገደማ ስለሚጨርስ፣ ከታንኩ አንድ ሦስተኛውን ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛውን ለመመለሻ፣ የቀረውን ለነፋስና ለእምቦጭ እንይዛለን። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ጎርጎራ ለሚደረግ ጉዞ ግን ይህ ክፍፍል ስለማይበቃ፣ ከታንኩ ሌላ ነዳጅ በተዘጋ ጄሪካን ተይዞ፣ ከተሳፋሪ ርቆና ታስሮ ይጫናል። የኔጌቲቩን ማሠሪያ በየክረምቱ መጨረሻ ፈትተን እናጸዳለን፤ የመለኪያውንም ቁጥር፣ ከ240 እስከ 33 መሆኑን፣ ወደፊት ለሚጠግነው ሰው በማርከር ከዳሽቦርዱ ውስጠኛ ክዳን ላይ ጽፈነዋል።